ወርቂቱን ምን ነካት?

«ጎበዝ ልጄ፣ ውሃውን ሳታፈስ አመጣህልኝ» ስትለው ማርቆስ ጄሪካኑን ደጃፉ ላይ ጥሎ ወደ አጥሩ አፈገፈገ። ዓይኑን ከእናቱ ከወርቂቱ እጅ አልነቀለም። ኩርኩም የለመደ ልጅ፣ ምስጋና ሲመጣበት የሚገባበት ይጠፋዋል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም» አለ፤ ግን አልተጠጋትም።

እሷስ ብትሆን መች አምናበት። ወርቂቱ ሲቀላ ገበያ ከላንቴ መንደር የሚመጣውን ሙዝ ስትቸረችር የምትውል ሴት ናት፤ ትምህርት ቤት ሄዳ የተቀመጠችው ወዳ አይደለም። ማርቆስ የክፍሉን ልጅ በድንጋይ ፈንክቶ ሊባረር ሲል፣ መምህርቱ ፀደይ ናት መሀል የገባችው። የልጆችን ጠባይ ለማረም ለወላጅም፣ ለመምህርም፣ ለልጆቹም ሥልጠና መጥቷል፣ እሱን ይሞክሩ አለቻት።

«ጥሩ ሲሠራ ያመስግኑት፤ ምን እንደሠራም ይንገሩት» አለች ፀደይ።

ይቺ ደግሞ ወልዳ አታውቅም፣ አለች ወርቂቱ በሆዷ። ሻይ ከነዳቦው እያቀረቡ በነፃ የሚያስተምሩ ሰዎችስ ምን ፈልገው ነው? የሆነ ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ቢሆንም ሞከረች። አመሰገነችው፣ አብራው ተቀምጣ ጠጠር ተጫወተች፣ እጇንም ሰበሰበች። ልጁ ግን ጭራሽ ባሰበት። እራቱን እየተወ፣ ጫማውን እንዳደረገ መተኛት ጀመረ። ጎረቤቷ ኪዳነምሕረት እንኳ በአጥር ብቅ ብላ፣ «አንቺ፣ ምን ነካሽ? ቤትሽ ጭጭ አለ እኮ» አለቻት።

የዚያን ዕለት ማታ ወርቂቱ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ንገረኝ ማርቆስ። አልመታህም።»

«ቲቸር ፀደይ፣ ድንጋይ ከማንሳታችሁ በፊት የተሰማችሁን ተናገሩ ብላናለች።»

«እሺ፣ ተናገር።»

«ፈርቻለሁ» አለ። «አሸናፊንም እንዲህ ነው ያደረግሽው። ጎበዝ ልጄ አልሽው፣ ሥጋ አበላሽው፣ በነጋታው ለአጎቴ ሰጠሽው።»

ወርቂቱ ክው አለች።

አምና ከመስቀል በኋላ ታላቅየውን ልጇን አሸናፊን ወንድሟ ዳልጮ አዲስ አበባ ወስዶታል፤ ሽመና እየተማረ ትምህርት ቤትም ይገባል ተብሎ። ስልክ ሲደወልለት «ደህና ነኝ» ከማለት አያልፍም፤ ስልኩም የዳልጮ ነው። ዘንድሮ ዳልጮ ለመስቀል ብቻውን መጣ። «ሥራ በዝቶበት ነው» አላት። እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም።

የባሰው ደግሞ ልጁ አለመሳሳቱ ነው። ማርቆስ ልጅ የፈነከተ ቀን ተናዳ፣ «ይሄንንም ውሰድልኝ» ብላ ለዳልጮ ቃል ሰጥታለች። ሥልጠናው ካልሠራ ይወስደዋል ብላ ቃሏን እስካሁን አላጠፈችም። አፈረች፤ በራሷ ልጅ ፊት አንገቷን ደፋች።

ሲነጋ፣ ከመስቀል ወዲህ እዚያው የሰነበተው ዳልጮ መጣ።

«ልጁን አዘጋጂው። የነገ ማለዳው አውቶቡስ ላይ ሁለት ትኬት ቆርጫለሁ።»

«ማርቆስ አይሄድም።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ውሰድልኝ ያልሽው?»

«እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።»

«ታዲያ ትኬቱ ይቃጠል?»

ወርቂቱ ወደ ጓዳው ዞር አለች። ማርቆስ ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ እንደሚሰማ አውቃለች።

«ለምን ይቃጠላል፤ እኔ እሄድበታለሁ። ማርቆስ እስክመለስ ኪዳነምሕረት ጋ ይቆያል። አሸናፊ ያለበትን ቤት ታሳየኛለህ፤ ይዤው እመለሳለሁ።»

ዳልጮ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው።

«ምን ማለትሽ ነው? ወንድምሽ እኮ ነኝ። አታምኚኝም?»

«አላምንህም» አለችው፣ ጓዳ ድረስ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።