ባዶ እጇን የመጣች ጠያቂ

"መምህር ዋስኪቶ? ሦስተኛ ፎቅ፣ ኬሞ ክፍል፣ በስተግራ" አለቻት ነርሷ ከመዝገቡ ቀና ሳትል።

ራትሪ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ቦርሳዋ ውስጥ የአማካሪ መቀየሪያ ቅጽ አለ። እንደ 'ጋሼ' ሁሉ 'ፓክ' እያለች የምትጠራቸው አማካሪዋ ዋስኪቶ ፈርመውበት እስከ እኩለ ቀን ትምህርት ክፍሉ ከገባ፣ በአዲስ አማካሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ጨርሳ ዘንድሮ ትመረቃለች። ካልገባ ግማሽ ዓመት ተቃጠለ ማለት ነው። ዎኖሳሪ ከተማ ያለችው እናቷ ደግሞ የምርቃቱን ቀሚስ አሰፍታ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅላዋለች።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆስፒታል እንደምታገኛቸው እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገራትም። 'ማንን እያስታመሙ ይሆን?' አለች በልቧ። ታማሚው ራሳቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ ጨርሶ አልመጣላትም። ተማሪ ሲባል እንዲህ ነው፤ መምህር የሚታመም አይመስለውም።

ሰውየው ሦስት ወር ሙሉ ድምፃቸውን አጥፍተውባታል። ቢቸግራት አምስት ጓደኞቿን አስተባብራ ለኃላፊው የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፈች። "ደመወዝ እየበሉ ሥራ የማይሠሩ" የሚለው አባባል የራሷ ነው። ኑድል ቤት ቁጭ ብላ ጮክ ብላ አንብባላቸው አጨብጭበውላታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያን ቀን ግን ማን አሰበው?

ክፍሉ ውስጥ ሰዎች ግሉኮስ ተሰክቶላቸው በተርታ ተቀምጠዋል። አንዴ ዞረች። ሁለተኛ ዞረች።

"ራትሪ፣ አልፈሽኝ ሄድሽ እኮ።"

በድምፃቸው ነው ያወቀቻቸው። በመስኮቱ በኩል ጥቁር ቆብ ያደረጉ፣ አንገታቸው የመነመነ ሽማግሌ ፈገግ ብለው ያዩዋታል። ቅንድብ እንኳ የላቸውም።

"ፓክ! አልሰማንም እኮ! ምነው ሳይነግሩን?"

"ልንገርና ትምህርት ክፍሉ በሙሉ ሚኒባስ ተከራይቶ፣ ሙዙን ታቅፎ ይዝመትብኝ? ጸሐፊያችን ትርፍ አንጀቷን ያስወጣች ጊዜ ሠላሳ ሁለት ሰው ነው የገባባት። ሲያስቋት ስፌቷን ሊፈቱት ነበር!"

ራትሪ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ በሳቋ አፈረች።

"እኔ እንኳን ልጠይቅዎት ብዬ ነው የመጣሁት" ብላ ዋሸች።

ፓክ ዋስኪቶ እጆቿን አዩ። በዚህ አገር ድሃውም ቢሆን አንድ ፓኮ ብስኩት ሳይዝ ታማሚ አይጠይቅም።

"ባዶ እጅሽን? እናትሽ እንደዚያ አድርጋ አላሳደገችሽም። በይ ወረቀቱን አምጪው።"

"የ... የቱን?"

"ኃላፊው ደውሎልኛል። ደብዳቤውንም አነበበልኝ። 'ደመወዝ እየበሉ' የምትለዋ ያንቺ ናት አይደል? ስትናደጂ ዓረፍተ ነገርሽ ያጥራል።"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እያለች ቅጹን አወጣች። "ይቅር ይበሉኝ፣ ፓክ" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"ተይ፣ ወረቀቱን ታበሰብሺዋለሽ።" መርፌ በተሰካበት እጃቸው ቀስ ብለው ፈረሙ። ከዚያ ከጎናቸው ካለው ዘንቢል የተጠቀለለ ጥራዝ አወጡ። "ሦስተኛው ምዕራፍሽ ነው። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ፤ የቀረውን አዲሷ አማካሪሽ ትጨርስልሽ። በይ ሩጪ፣ እንዳይዘጉብሽ።"

ደረጃው ላይ ቆማ ገለጠችው። በየጥቂት ገጹ ኅዳግ ላይ ቀን ተጽፏል፤ ኬሞ የወሰዱባቸው ቀናት ናቸው። መጀመሪያ ላይ ቀዩ ጽሕፈት ቀጥ ያለ ነው። እየቆየ ይንቀጠቀጣል። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ "ይህ አልገባኝም፤ ስትመጣ ልጠይቃት" ይላል።

ስልኳን አውጥታ የላከችላቸውን መልእክቶች ቆጠረች። አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም "ስለማስቸግርዎ ይቅርታ" ብለው ይጀምራሉ። "ደህና ነዎት ወይ?" የሚል አንድም የለም። አንድ ቃል መጠየቅ እንዴት ያቅታታል?

የሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ ጓደኛዋ ጋሉህ ደወለች።

"የት ነሽ አንቺ? ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው! አስፈረምሽ?"

"አስፈርሜያለሁ።"

"ታዲያ ምን ይገትርሻል? ሞተር ያዢና ነይ እንጂ!"

ራትሪ በሩ ሥር ፍራፍሬ ዘርግታ የተቀመጠችውን ሴትዮ አየቻት።

"እናቴ፣ ሳላክ አንድ ኪሎ መዝኚልኝ። ጣፋጭ ጣፋጩን።"

"ሳላክ? አበድሽ እንዴ?" አለች ጋሉህ። ራትሪ ስልኩን ዘጋችው።

ፓክ ዋስኪቶ ተመልሳ መምጣቷን ሲያዩ ተቆጡ። "ደግሞ ምን ረሳሽ?"

"ምንም። ጠያቂ ነኝ። አላህ ያሽርዎት፣ ፓክ።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። የሳላክ ልጣጭ እንደ እባብ ቆዳ ይቀረፋል፤ የትም አይጣልም። ዙሪያውን አየች። ከዚያ የተፈረመውን ቅጽ ከቦርሳዋ አውጥታ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና ልጣጩን እላዩ ላይ መጣል ጀመረች።

"ኧረ ቅጹ! ልጄ፣ ሰዓቱ እኮ..."

"እናቴ ቀሚሱን ትንሽ ታቆየዋለች" አለች። የተላጠውን ሳላክ እጃቸው ላይ አስቀመጠችና ጥራዙን ገለጠች። "አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ያልገባዎት የቱ ነው?"