ሻማ የተቀባ ወለል

ይቺ ልጅ ዘንድሮም ፊዚክስ ከወደቀች ምን ይውጣታል? እማማ የወይንሐረግ ሰሞኑን ሲተኙም ሲነሱም ራሳቸውን የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር። የልጅ ልጃቸው ዕድላዊት አምና በዚሁ ትምህርት የተነሳ ክፍል ደግማለች። ዘንድሮ መምህሯ የሰበቃ ሙከራ ቤት ውስጥ ሠርታ ውጤቱን ዛሬ ጠዋት እንድታስረክብ አዟታል፤ የመጨረሻ ዕድልሽ ነው ብሎ።

ሙከራው ቀላል ነው። ጡብ የተሞላ ሣጥን በሲሚንቶው ወለል ላይ በመንጠቆ ሚዛን ይጎተታል። ሣጥኑ ከቆመበት ሲነሳ ሚዛኑ ስንት እንዳነበበ፣ መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ስንት እንዳነበበ ይጻፋል፤ ሦስት ቀን በተከታታይ። ሚዛኑን ያዋሷቸው ድንች ነጋዴው ኦቦ ቀጄላ፣ "ቡራዩ ውስጥ ወለል የሚመዝን ሰው ገና ማየቴ ነው" ብለው ስቀውባቸዋል። ሁለቱ ቀን ግን ልክ መጣ፤ ሲነሳ ስድስት ኪሎ፣ ሲንሸራተት አራት።

ዛሬ ጠዋት ሚዛኑ ገና ሦስት ሲል ሣጥኑ ተነሳ፤ ሲንሸራተት ወደ ሁለት ወረደ። ዕድላዊት ደጋግማ ጎተተች፤ ያው ነው። የእስካሁኑም ሁሉ ስህተት ነው ማለት ነው ብላ የደብተሯን ገጽ ልትቀድ ያዘች።

እማማ የወይንሐረግ እጇን ያዟት። "ተይ፣ አትቅደጂው። እኔ ነኝ።"

ትናንት ስትጎትት ቆይታ ትከሻዋን ስታሽ አይተው አንጀታቸው አልቻለም። የኮመዲኖው መሳቢያ እንቢ ሲላቸው ሻማ እንደሚያሹበት ሁሉ፣ ልጅቷ ሳትነቃ ሣጥኑ የሚሄድበትን ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ በሻማ አሽተውት ነበር።

"እማዬ፣ እኔ የምለካው እኮ ማስቸገሩን ነው። አንቺ እሱን አጠፋሽው።"

"እንዳይከብድሽ ብዬ ነዋ።" እማማ የወይንሐረግ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ ጎንበስ ብለው ደብተሩን አዩት። "ደግሞስ መች ጠፋ? ዛሬም ቢሆን ሲነሳ ነው የሚብሰው። ሦስት ከሁለት አይበልጥም?"

ዕድላዊት ቁጥሮቹን አተኩራ አየቻቸው። ሣጥኑን ሻማ ወዳልነካው ጥግ ገፍታ እንደገና ጎተተች፤ ስድስት፣ ከዚያ አራት። ጻፈችው። ከሥሩ "ሻማ የተቀባ ወለል" ብላ ሦስትንና ሁለትን ጨመረች።

አያትየው ዝናብ ቢመጣስ፣ ታክሲ ብታጪስ፣ መምህሩ ቢቆጣስ እያሉ ጠየቋት፤ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው ልበለው ወይ አሏት። ዕድላዊት ጫማዋን አሰረች፣ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ "አያስፈልግም፣ ሻማውንም ጽፌዋለሁ" ብላ ወጣች።