የጀልባዋ አፍንጫ

ማኑሄ ከሞተ ሦስተኛው ክረምት ሊወጣ ሲል የጀልባዋ ነጭነት ወደ ኖራ ተለውጦ ነበር። እጁን ያሳረፈባት ሰው መዳፉ ላይ ዱቄት ይዞ ይሄዳል። ሚስቱ አልማዜ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ስትወጣ ቀሚሷ እየነካት ነጭ ይሆናል፤ ሳታራግፈው ትገባለች።

ጀልባዋን የሠራት ማኑሄ ራሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የፋይበርግላስ የውኃ ታንከር ሲሠራ ኖሮ፣ አንድ ዓመት ምን እንደታየው እንጃ፣ ከዚያው ዕቃ ጀልባ አወጣ። በበጋ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ላለ ሎጅ ያከራያታል፤ ክረምት ሲገባ ጭኖ ያመጣትና ቤቴል ሰፈር ባለው ግቢው ውስጥ ያሳርፋታል። ባለ አይሱዙው ጎረቤታቸው አቶ ያደሳ በየዓመቱ ሲጭናት አንድ ቀልድ ነበረው። “የኖኅዋ ዝናብ ሲመጣ ውኃ ላይ ወጣች፤ የእናንተዋ ዝናብ ሲመጣ ከውኃ ትሸሻለች” ይል ነበር። ማኑሄ ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም።

አሁን ሎጁ ጀልባዋን መልሶ ፈለጋት፤ አልማዜም እሺ አለች። ሐሙስ ጠዋት ሳያት መጣች። ሳያት የሎጁን ጀልባዎች የምትይዝ፣ ሠላሳን ያለፈች ሴት ናት። አልማዜ ስሟን ስትሰማ ኖራለች እንጂ ከቀብሩ ቀን በቀር አይታት አታውቅም። አስኮ ዘመዶቿ ዘንድ አድራ በታክሲ ነው የመጣችው፤ አንድ ከረጢት ጨርቅና አንድ ሳጥን ዕቃ ይዛለች።

“እትዬ፣ ሸራ ይኖራል? ፀሐይ ላይ አትታሽም።”

“ማን አለ?”

“ጋሽ ማኑሄ ነዋ። ፀሐይ ላይ የታሸች እንደሆነ መድኃኒቱ ላይዋ ላይ ደርቆ ይቀራል ይል ነበር።”

አልማዜ ሸራውን አወጣችላት፤ ከዚያ የማጠቢያው ደፍ ላይ ተቀምጣ ታይ ጀመር። ሳያት ጀልባዋን በለስላሳ ሳሙና አጠበች፣ አደረቀች፣ ማሻ መድኃኒቱን፣ ኮምፓውንዱን፣ በጨርቅ ጫፍ ነክታ ከኋላ ጀመረች። ሁለት ስንዝር ታሻለች፤ ያ ቦታ እንደ መስታወት ፊቷን እስኪያሳያት ከዚያ አትነቃነቅም።

“ማሽን የላችሁም እንዴ? የመኪና አጣቢዎቹ እኮ በማሽን ነው” አለች አልማዜ።

“አለን። ግን የላይኛው ልባስ ከጥፍር አይወፍርም። በማሽን ከሄድሽባት በሁለት ዓመት በልተሽ ትጨርሻታለሽ፤ ስንዝር በስንዝር፣ እንደ ሕፃን ገላ ነው፤ ይለኝ ነበር ጋሽ ማኑሄ።”

እንደ ሕፃን ገላ። አልማዜ ሃያ ሰባት ዓመት ከማኑሄ ጋር ኖራለች። ወጡ ጨው ሲበዛበት እንኳ በዛ አይልም፤ ውኃ ይጠጣል እንጂ። ይህን የመሰለ ቃል በዚያ አፍ ውስጥ እንዳለ የነገራት አልነበረም። አንድ ጊዜ ይቺኑ ጀልባ ሲወለውል ጨርቅ ይዛ ብትጠጋው፣ “ተይው፣ እጅሽን ይበላሻል” ብሏት ነበር። አልማዜ ያንን ቃል እንደ ስጦታ ይዛው ኖራለች። አሁን የሳያትን የተሰነጣጠቁ ጣቶች እያየች፣ የዚች እጅ ቢበላ ግድ አልነበረውም ማለት ነው ወይስ ለዚች የሚያስተምረው ነገር ነበረው፣ እያለች ታሰላስል ጀመር።

ሰው ቢሰማ ሌላ ነገር ያስብ ይሆናል። አልማዜ ግን ባሏን ታውቀዋለች፤ በዚያ በኩል ልቧ ንጹሕ ነው። ያንገበገባት ወሬው ነው። በዓመት ሁለት ሳምንት ዝዋይ ሲቀመጥ እንዲህ ሲያወራ ይከርም ነበር፤ ቤቱ ሲመለስ ግን አፉን ሐይቁ ዳር ትቶ ነበር የሚመጣው።

እስከ ማታ ጀልባዋ በራች። የቀረው የፊት ጫፏ፣ አፍንጫዋ ላይ ያለው አንድ ጣት የሚያህል ስንጥቅ ነው። ሳያት በብርጭቆ ወረቀት ከፈት አድርጋ አሸችው፣ ቅባት በሚያወጣው አሴቶን ጠረገችው፣ ዙሪያውን ፕላስተር ለጠፈችበት።

“ነገ ይቺን እደፍናለሁ። ቅዳሜ ሰም እቀባታለሁ። እሁድ አቶ ያደሳ ይጭናታል። በቃ፣ ጨረስን” አለች።

ጨረስን የሚለው ቃል አልማዜን እንቅልፍ ነሳት። የማኑሄ ጀልባ ከማኑሄ ግቢ ስትወጣ የመጨረሻው እጅ የዚች ልጅ እጅ ሊሆን ነው።

አርብ በማለዳ፣ ሳያት ሳትመጣ፣ ዕቃ ቤት ገብታ ማኑሄ የተወውን የሰም ጣሳ አወረደች። ስትከፍተው የማኑሄ ጣት ሰሙ ላይ የሄደበት ፈለግ እንዳለ ነበር። ፈለጉን ሳትነካ በሌላው ጥግ በኩል ጨለፈች።

የሳሎኑን ወለል እንደምትቀባው አድርጋ፣ ተንበርክካ፣ ትከሻዋ እስኪዝል ቀባቻት። በደረቅ ጨርቅ መልሳ ወለወለች። አፍንጫዋ ጋ ስትደርስ ስንጥቁ ለብቻው ደረቅ ሆኖ መቅረቱ አላስቻላትም። ቁስል ላይ ቅባት እንደሚደረግ በጣቷ እስከ ውስጥ ድረስ አሸችውና የተረፈውን ጠረገችው። እጇን አየች፤ ምንም አልበላትም።

ሳያት አራት ሰዓት ላይ መጣች። አልማዜ ማጠቢያው ጋ ሰሃን እያለቀለቀች ጠበቀች። ብትጠየቅ ትናገር ነበር። ሳያት ግን “እንዴት እንዳደረች እዩዋት” ብላ ጀልባዋን መታ መታ አደረገችና ቀጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ስንጥቁን ትናንት አዘጋጅታዋለች፤ ደግማ አልጠረገችውም። ነጩን የላይኛ ልባስ፣ ጄልኮቱን፣ ከማድረቂያው ጋር በጥብጣ ሞላችበት፣ በላስቲክ ሸፈነችው፣ ነገ እንገናኝ ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ላስቲኩን ስታነሳ ድፍኑም አብሮ ተነሣ። እንደተቀቀለ እንቁላል ልጣጭ በአንድ ቁራጭ እጇ ላይ ቀረ።

“ማድረቂያ አሳንሻለሁ” አለች ሳያት ለራሷ። እንደገና በጠበጠች፣ አሁን አብዝታ፣ ሸራውን ገልጣ ፀሐይ አስመታችው። ከቀትር በኋላ በጥፍሯ ጫፍ ነካችው፤ ወደቀ።

ሳያት መሬት ላይ ተቀመጠች። አልማዜ ከደፉ ላይ ሆና አየቻትና፣ ይህን ለማንም አትናገረውም እንጂ፣ ደስ አላት። እሱ ያላስተማራት አንድ ነገር ተገኘ።

“ምነው ልጄ? ጋሽ ማኑሄ ስለዚህ የነገረሽ የለም?”

“አልገባኝም። እኔ ስንት ጀልባ ደፍኛለሁ እትዬ። ድፍን የማይይዘው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰም የነካው እንደሆነ። እሱን ደግሞ ገና አልቀባሁም።” ቀና አለች። “የነካት ሰው አለ?”

“ማን ይነካታል?”

ይህን ብላ ስትጨርስ ነው አልማዜ የተረዳችው። አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ አስኮ መንገድ ላይ ወደነበረው የታንከር ሥራ ቦታ ምሳ ይዛለት ሄዳ ነበር። ማኑሄ ታንከሩ የተሠራበትን ቅርጽ በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አደረገና ታንከሩን ሙሉውን መዞ አወጣላት። እንዴት ሳይጣበቅ ቀረ ብትለው፣ “ቅርጹን ሰም ቀብቼዋለሁ፤ ሰም ያለበት ላይ ምንም አይዝም” አላት። የፊቱ ላብ፣ የምሳ ዕቃው ሙቀት፣ ሁሉም ተመለሰላት። ነግሯት ነበር። ይቺ ልጅ ገና ሕፃን ሳለች ነግሯታል። ሰምታ የጣለችው እሷው ናት።

ሳያት ስልኳን አውጥታ ለሎጁ ልትደውል ነው። “ጥፋቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ፤ ምን እላለሁ ሌላ” አለች።

“አትደውዪ።”

“እ?”

“እኔ ነኝ የቀባኋት። አርብ ጠዋት። ስንጥቁንም ጭምር።”

ሳያት ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ፊቷ ቀላ።

“ሁለት ቀን ሙሉ ስባዝን እያዩኝ?”

“እያየሁሽ።”

“ለምን?”

“የመጨረሻው እጅ የኔ እንዲሆን ፈልጌ።”

ሳያት ስልኳን መልሳ ከተተች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። “እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ጀልባ፣ ዓሣ፣ ነፋስ፣ ያላወራኝ ነገር የለም። ስለ እርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ባለቤትህ እንዴት ናት ስንለው ተነሥቶ ይሄዳል።”

ልጅቱ ልትወጋት ነው ያለችው። ቃሉም አልማዜን ወጋት። ግን ተነሥቶ ይሄዳል የሚለውን ስትሰማ ቤት የምታውቀው ሰው ከነአካሄዱ ታያት፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ጨርቁን ከከረጢቱ ሳበችና፣ “አሴቶኑን አምጪው” አለች።

የቀረውን ከሰዓት ሁሉ አብረው የጀልባዋን አፍንጫ ሰም አወጡ። ሳያት ጨርቁን በየጥርጊያው ትቀይራለች፣ አልማዜ አንዱኑ ደጋግማ ትጠቀማለች፤ ሳያት ከእጇ ነጥቃ ሌላ ትሰጣታለች። ሊመሽ ሲል ደፈኑት፤ እሁድ ጠዋት በጥፍር ቢነካም፣ በመዶሻ እጀታ ቢመታም አልተነቃነቀም። ሳያት አሽታ ከሌላው ጋር አስተካከለችው።

አቶ ያደሳ አይሱዙውን አስገብቶ ጀልባዋን ከአራት ሰዎች ጋር ጫነ። “አልማዜ፣ ኖኅ ቢያያት ምን ይል ነበር? እንስሶቹን ረስታችኋል እኮ” አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ገመዱን ማጥበቅ ቀጠለ።

ሳያት ወደ አልማዜ መጥታ እጇን ዘረጋች። “ጣሳውን ይስጡኝ። አዲሱ ድፍን ሳምንት ሳይሞላው ሰም አይነካውም። እዚያው እኔ እቀባዋለሁ።”

አልማዜ ጣሳውን በክንዷ ሥር እንደያዘች ነበር።

“እኔ ጋ ይቆያል። በሳምንቱ እሁድ ይዤው እመጣለሁ።”

“ዝዋይ?”

“ዝዋይ።”

“መንገዱን ያውቁታል?”

“አላውቀውም። ወስዶኝ አያውቅም። መናኸሪያው ወጥተሽ ትጠብቂኛለሽ።”

ሳያት አየቻት። ጋቢና ገብታ በሩን ዘጋች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ “ለስላሳ ጨርቅ ይያዙ፤ የወለሉን እንዳያመጡ” አለቻት።