ያልተሰረዘው አንቀጽ

«ፕሮፌሰር ቤት ውስጥ ወረቀት ያስቀምጡ ነበር እንዴ?» ዲኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠየቃት ገና «እግዜር ያጽናሽ» ካለበት ሳይተነፍስ ነው።

«የምን ወረቀት?» አለች ልጃቸው። የምን እንደሆነ ግን አሳምራ ታውቃለች።

«እንዲያው የቢሮ ነገር ካለ ብዬ ነው።»

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሳሎኑ ጢም ብሏል፤ የአባቷ ባልደረቦች ግን ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ዓይኗን ይሸሻሉ። አባቷን የገደለው የቤተ ሙከራው ጣሪያ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ «ሳይፈቀድላቸው ገብተው ነው፤ ስለ ጣሪያውም ለማንም አላመለከቱም» ብሎ አረፈው። በቀብሩ ዕለት የቢሮው ቁልፍ ተቀየረ። ትናንት ለምና ስታስከፍት መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ አቧራው ላይ ፋይሎቹ የነበሩበት ቦታ ብቻ ይታያል።

አባቷ ስለ ጣሪያው አራት ደብዳቤ ነው የጻፈላቸው። ቁርስ ላይ የጻፈውንም የመለሱለትንም በቃሉ ይወጣላት ነበር። «ስንጥቁ አሁን እጄን ያስገባል» ብሎ ለጻፈው «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣለት።

«ማነው የሚያየው አባባ?» ስትለው በሳቅ ፍርስ አለ።

«ዲኑማ አያይም! ጸሐፊዋ የድሮውን ደብዳቤ ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ እላዩ ላይ ትጽፋለች፣ እሱ ሳያነብ ይፈርማል። የራሱን ስንብት ብትሰጪውም ይፈርማል።»

ቤት ግን አንድም ቅጂ አላመጣም። የቢሮ ወረቀት ቢሮ ይደር ባይ ነበር፤ ያ ሥርዓቱ አሁን አንጀቷን ያቃጥላታል።

አክስቷ ጆሮዋ ሥር መጥታ፣ «ተይ ልጄ፣ ሰዎቹ ክፉ ናቸው። ወንድሜ እንደሆን አይመለስ» አለቻት።

«ጥፋቱን እሱ ላይ ሲያላክኩ ዝም ልበል? ሰኞ እኮ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ፈተና አለ፣ አክስቴ።»

ዲኑ ሊሄድ ሲነሳ ከደረት ኪሱ ፖስታ አወጣ። «የሐዘን መግለጫችን ነው። እኔው ነኝ የፈረምኩት።»

እዚያው ቆማ አነበበችው። ላይ ላዩ መልካም ነው፤ «ታላቅ ምሁር» ይላል፣ «የማይተኩ» ይላል። ታች ከፊርማው በላይ አንድ አንቀጽ ሳይሰረዝ ቀርቷል፦ «የቤተ ሙከራውን ጣሪያ መሰንጠቅ አስመልክቶ የላኩልን አራተኛ ደብዳቤ ደርሶናል። ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው።» ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፤ ግልባጩም ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ነው።

አባቷን ልትነግረው ፈለገች፤ እንዴት በሳቀ ነበር!

«ምነው፣ የጎደለ ነገር አለ?» አለ ዲኑ።

«ኧረ ምንም አልጎደለውም።»

ዲኑ ፊቷን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ፈገግታው ጠፋ። «እስቲ ልየው» ብሎ እጁን ዘረጋ።

አልሰጠችውም። ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለው የአባቷ ኮት እስክሪብቶውን አወጣች። እሱ ለሚመጣለት ደብዳቤ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ጥጉ ላይ «ደርሶኛል» ብላ ጻፈች፤ ቀኑንም አሰፈረች። ደብዳቤውን አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

እስክሪብቶውን ክዳኑን አጥብቃ ወደ ኮቱ ኪስ መለሰችው፤ ቀለሙ እንዳይደርቅበት።