ከማቀዝቀዣው የወጣው ኢንዛይም

ሻጉፍታ ላሆር በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም ሦስት ዓመት የደከመችው ለአንድ ኢንዛይም ነበር። ከታረደ ከብት ቆዳ ላይ የፀጉሩን ሥር ብቻ ቆርጦ፣ ቆዳውን ሳይጎዳ የሚመልጥ ፕሮቲን ነው። አባቷ በቆዳ ፋብሪካ ይህንኑ ሥራ በኖራ ሲሠሩ ኖረው ጣቶቻቸው የተበሉ ሰው ናቸው።

ከአረፋ በዓል በኋላ ሥራ ስትገባ ኢንዛይሙን የያዙት ብልቃጦቿን ከማቀዝቀዣው ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው አገኘቻቸው። በዚያ ሙቀት ሦስት ቀን ከርመዋል። የኢንዛይም ቅርጽ ደግሞ በሙቀት አንዴ ከተፈታ ቢያቀዘቅዙትም አይመለስም። ማቀዝቀዣውን ስትከፍት የበሬ ሥጋ ሞልቶታል።

"አጎቴ፣ ይሄ የማነው?" አለች ዘበኛውን።

"የዳይሬክተሩ ነዋ! የቤታቸው ሞልቶባቸው ነው። እኔ ምን ላድርግ ልጄ?"

ዳይሬክተሩ ዶክተር ኢክራም ሳቁባት። "አንቺ ደግሞ! ውሃ መስሎኝ ነው። እንደገና ሥሪዋ።"

"ማጥራቱ ብቻ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል ዶክተር። ቆዳ ፋብሪካው የሚሞክረው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።"

"እንግዲያው መብራት ጠፍቶ ተበላሸ ብለሽ ጻፊላቸው። በዚህ አገር ማን ይጠረጥርሻል?"

ኮንትራቷን የሚያድሱት እሳቸው ናቸው፤ ጻፈች። ፋብሪካው በሁለተኛው ቀን በኖራው እንደሚቀጥል አሳወቀ።

ለአባቷም ያንኑ የመብራት ውሸት ነገረቻቸው።

"መብራትን ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ፣ የአላህ ሥራ ነው" ብለው አጽናኗት።

ሻጉፍታ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። በዳይሬክተሩ ላይ ያልወጣው ንዴቷ በራሷ ላይ ዞረ።