መብራት ሲጠፋ የሚደወል ስልክ

እኛን ሰው የሚፈልገን መብራት ሲጠፋ ነው። ሥራችን ሊፍት መጠገን ነውና ሰው በሰላም ሲወጣ ሲወርድ ማን ያስታውሰናል? አባታችን ድርጅቱን ሲያቋቁም አንድ ሕግ አወጣ። ሊፍት ውስጥ የቀረ ሰው ከደወለ፣ ቴክኒሻን ደርሶ እስኪያወጣው ድረስ ስልኩ አይዘጋም። ስለ ልጅም ሆነ ስለ ወገብ ሕመም ወይም ስለ ጎረቤት፣ የመጣውን ማውራት ነው፤ ብቻ ሰውየው በሩን እንዳይነካ። ሊፍት በሁለት ፎቅ መሃል ቆሞ ሳለ በሩን አስፈልቅቆ የሚዘል ሰው፣ ከሥር የሚጠብቀው ጉድጓዱ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ስልኩ ሥር ባለው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወሬ እንደሆነ እግዜር አላሳነሰኝም።

ከደንበኞቼ ሁሉ አንጀቴን የሚበሉት ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ጠባብ ቦታ ነፍሳቸው እስኪወጣ ይፈራሉ፤ እንዳይተዉት ደግሞ ደረጃውን አይችሉትም። ሞባይል የሚባል አይዙም። ሊፍቱ ውስጥ ያለውን ቀይ ቁልፍ ሲጫኑ ግን በቀጥታ እኔ ጋ ይደወላል። ወለሉ ላይ ቁጭ ይበሉ አባቴ እላቸዋለሁ፤ እሺ ብለው ቁጭ ይላሉ። ከዚያ እኔ ወሬ ስቀድ እሳቸው ሲስቁ ቴክኒሻኖቻችን ይደርሳሉ።

ታናሽ ወንድሜ የኢንተርኔት ስልክ ካላስገባሁ ሞቼ እገኛለሁ ሲል፣ ሐሰት ምን ያደርግልኛል፣ ወደድኩለት። ሁለት ሰው በአንዴ ቢደውል ሁለቱም ይስተናገዳሉ። ድምፁ ኩልል ያለ ነው። ወጪውም ቀለል አለ። የስልክ ማዞሪያው የት ነው ብዬ ብጠይቀው ደመና ላይ ነው አለኝ፤ ላም አለኝ በሰማይ በለኛ ብዬ ሳቅሁበት። መብራት ሲሄድስ ብዬ መጠየቄም አልቀረ። ጥሪው ወደ እሱ ሞባይል እንደሚዞር ነገረኝና ልቤ አረፈ። መብራት ሲሄድ ወንድሜ የት ነው? ምድር ቤት፣ ኔትወርክ በማይደርስበት የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሊያወጣ ይታገላል። ዕድሜያችንን በዚህ ሥራ የፈጀን ሰዎች ይህንን አንዳችንም አላሰብነውም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ። ስልኩ ፊቴ ላይ ጭጭ አለ። ወንድሜ ጋ ብደውል አይገኝም። ይሁን ብዬ በሞባይሌ የገዛ ቢሮዬን ቁጥር መታሁ። ማን ቢያነሳልኝ ጥሩ ነው? እኔው! ወንድሜ ሲያስቀዳኝ ድምፄን አለስልሼ ያነበብኩት ነው፦ «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው፤ ከእርስዎ ጋር ነን፤ እባክዎ ጥቂት ይታገሡ።» ከዚያ ሙዚቃ፤ ከዚያ ደግሞ እኔ። ሰዓት ሠሪው ከምሳ የሚመለሱበት ሰዓት መሆኑ ትዝ አለኝ።

ሕንጻው ከእኛ ብዙም አይርቅም። በዚህ በሚያመኝ ጉልበቴ ሮጥኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ እያልኩ፣ ራሴን እየረገምኩ ሮጥኩ። ስደርስ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የሽማግሌውን ጩኸት የሰማው ዘበኛ በሩን በብረት ፈልቅቆላቸዋል፤ ደግ ያደረገ መስሎት ነው፣ አልፈርድበትም። ሊፍቱ ከወለሉ ወገብ ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። ሲዘሉ እግራቸው ከዳቸውና ወደ ጉድጓዱ ሊሄዱ ሲሉ ዘበኛው ኮታቸውን ጨምድዶ አተረፋቸው። ቀኝ እጃቸው ግን በበሩ ብረት ተይዞ ነበር። በማግስቱ ሐኪሙ፣ ሌባ ጣታቸውና አውራ ጣታቸው ከእንግዲህ አይታጠፉም አለ። ሰዓት ሠሪ እኮ ናቸው።

ወንድሜ መብራት ቢሄድም የሚሠራውን የድሮውን የሽቦ ስልክ ዛሬውኑ አስመልሳለሁ እያለ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ራሱን ይዞ ቀረ፤ ለመግባት አቅም አነሰው። እኔ ገባሁ። የመለሰላቸው የተቀዳ ድምፅ መሆኑን፣ እኔ ምንም እንዳልሰማሁ፣ ብሰማ ኖሮ ዓለም ቢገለበጥ እንደማልተዋቸው ነገርኳቸው። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«አሁንማ ገባኝ፣ ልጄ» አሉ። «ያን ጊዜ ግን ፈራሁ አልኩሽ፤ ከእርስዎ ጋር ነን አልሽኝ። ትንፋሽ አጠረኝ አልኩሽ፤ ይታገሡ አልሽኝ። ለመንኩሽ እኮ። ምን አስቀይሜያት ይሆን እንዲህ የጨከነችብኝ ብዬ ይቅርታ ሁሉ ጠየቅሁሽ። እሱንም ዝም ስትይኝ ነው ዘበኛውን ክፈትልኝ ያልኩት።»

ያልተጎዳውን እጃቸውን ልይዝ እጄን ሰደድኩ። ቀስ ብለው ብርድ ልብሱ ሥር አስገቡት።