የሙከራ ቁልፍ

ሕንጻው ውስጥ ሌባ ከገባ ወዲህ ሰው ሰላምታውን እንኳ እየቆጠበ መስጠት ጀመረ። መጀመሪያ የነርሷ ቴሌቪዥን የውሃ ሽታ ሆነ። ቀጥሎ የሹፌሩ ላፕቶፕ፣ ከዚያ ደግሞ ጡረተኛው መምህር ለልጁ ምርቃት ብሎ የገዛው ሱፍ ከነመስቀያው ሄደ። የሚገርመው ታዲያ አንድም በር አልተሰበረም።

ይኼኔ ነው ቁልፍ ሠሪውን የጠሩት። ሰውየው ሱቁ እዚያው ምድር ቤት ነው፤ መኖሪያውም አንደኛ ፎቅ ላይ ከሚስቱ ጋር። የሕንጻው በር ሁሉ በእጁ ያለፈ ስለሆነ ትልቁም ትንሹም “ጋሼ ቁልፌ” ይለዋል፤ እንጀራውም ይኸው ስሙ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሦስቱንም የቁልፍ ቀዳዳ በባትሪ እያበራ አየና የባለሙያ ኩራት ያዘው።

“ይኼ በሽቦ የተነካካ አይደለም፤ ጭረት የሚባል የለውም” አለ። “የከፈተው ሰው ቁልፍ ነበረው። ሌባው ከመካከላችን ነው።”

ምን ነበረበት አፉን ቢይዝ! ከዚያች ቀን ጀምሮ ጎረቤት ጎረቤቱን በበር ቀዳዳ ማየት ያዘ። ፖሊስ ቢነገረው እያጣራሁ ነው አለ። ሰዉ ግን መጠበቅ ሰለቸውና ደረጃው ሥር ስብሰባ ተጠራ። መምህሩ የኮሚቴው ሰብሳቢ ስለሆነ ተነሥቶ ደንብ አወጣ፦ ኮሚቴው የጠረጠረውን ቤት በፈለገው ሰዓት ገብቶ ይፈትሻል፤ እምቢ ያለ ሰው ራሱን አስጠረጠረ ማለት ነው። እጅ አውጡ ሲባል ከሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የታየው የቁልፍ ሠሪው እጅ ነበር። እሱን ማን ይጠረጥረዋል?

እጇን ያላወጣችው ሦስተኛ ፎቅ ብቻዋን የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት።

“ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ከመጣ ይግባ” አለች። “እናንተ ግን ማን ናችሁ?”

“እህቴ፣ የሁላችንም ደህንነት ጉዳይ እኮ ነው። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?” አላት መምህሩ።

ጥላቸው ደረጃዋን ወጣች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የሴትዮዋ ነገር የሕንጻው ወሬ ሆነ። ደንበኛ ቤቷ አታስገባም፤ ልብሱን ገርበብ ባለ በር በኩል ነው የምትሰጠው። ትልልቅ ከረጢት ታወጣለች፣ ታስገባለች። ቁልፍ ሠሪውንም ነገሩ ይበላው ጀመር። አዲስ የገባች ጊዜ ቁልፏን የቀየረላት እሱ ነው። ሥራውን ሲጨርስ፣ “ሌላ ቁልፍ የለም አይደል?” ብላ ጠየቀችው። የለም አላት። መሣሪያውን ሲሰበስብ ደግማ ጠየቀችው፤ ደረጃው ድረስ ተከትላው ወጥታ አሁንም ጠየቀችው። ያኔ ምንም አልመሰለውም ነበር። አሁን ግን ያን ሁሉ ምን አስጠየቃት እያለ ያመነዥከው ጀመር። ሚስቱ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ስትኖር ብትጠነቀቅ ምን ይገርማል፣ ተዋት ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ለነገሩ “የለም” ያላት እውነቱን አልነበረም። ሰውየው አንድ ልማድ አለው። አዲስ ቁልፍ ሲገጥም መጀመሪያ በርካሽ ብረት አንድ የሙከራ ቁልፍ ይቀርጻል። በሩ በደንብ መዞሩን በእሱ አይቶ፣ ከዚያ ጥሩዎቹን ለባለቤቱ ይሠራል። የሙከራውን በፒንሳ መስበር ነበረበት፤ የሙያው ወግ እንደዚያ ነው። እሱ ግን ብረት መጣል አይሆንለትም። የቤቱን ቁጥር ጫር ያደርግበትና ጠረጴዛው ሥር ያለች የወተት ጣሳ ውስጥ ጣል ያደርገዋል። ክፋት አስቦ አያውቅም። የሙከራ ቁልፍ ለእሱ ከቁልፍ አይቆጠርም፤ ስለዚህ “የለም” ሲል የዋሸ እንኳ አልመሰለውም።

ከዚያ ደግሞ የነርሷ የልጅ ጋሪ ጠፋ። አሁንስ በዛ ተባለ። መምህሩ፣ ሹፌሩ፣ ነርሷና ቁልፍ ሠሪው ተያይዘው ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ቢያንኳኩ የሚከፍት የለም፤ ልብስ ሰፊዋ ሥራ ልታስረክብ ወጥታለች። ሹፌሩ የመኪናውን ጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ኖሮ በሩና መቃኑ መሀል ሰክቶ ይፈለቅቅ ጀመር። እንጨቱ ሲንቋቋ ቁልፍ ሠሪው የሹፌሩን ክንድ ያዘ። ሌላ ሌላውን ይችላል፤ በር ሲሰበር ቆሞ ማየት ግን ከአቅሙ በላይ ነው።

“ቆይ አንዴ፣ በሩ ምን አደረገህ!” አለና ወደ ሱቁ ወረደ። እያለከለከ ተመልሶ ከኪሱ ቁልፍ አወጣና አዞረው። በሩ ቅቤ እንደተቀባ ተከፈተ።

ተከታትለው ገቡ። የስፌት መኪና፣ የተቆራረጠ ጨርቅ፣ ጥቅልል ክር። ከረጢቶቹን ዘረገፏቸው፤ ብጥስጣሽ ጨርቅ ነው። ጋሪም ሱፍም የለም። ቁልፍ ሠሪው የመኝታ ቤቱን በር ከውስጥ በኩል ሲያይ ፈዝዞ ቀረ። መቀርቀሪያ በላዩ ላይ ተደራርቦበታል፤ አገጣጠሙ ጠማማ፣ ብሎኑ ግማሽ ድረስ ብቻ የገባ፣ ሙያ የሌለው እጅ ብቻውን የታገለበት። አልጋው ተገፍቶ በሩ አጠገብ ቆሟል፣ ለመደገፊያ ይመስላል።

“ከሰው ተደብቃ ነው እንዴ የምትኖረው?” አለች ነርሷ ቀስ ብላ።

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ቁልፍ ሠሪው አፈረ፤ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ያን ሁሉ ለምን እንደጠየቀችው አሁን ገባው። የመምህሩ ዓይን ግን በሩ ላይ ሳይሆን የሰውየው እጅ ላይ ነበር።

“ይኼን ቁልፍ ከየት አመጣኸው?”

የሙከራ ነው ብሎ ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። እያስረዳ ሳለ በገዛ ጆሮው እንኳ ደስ አላለውም።

“የእኔም ቤት አለህ?”

ቁልፍ ሠሪው ወደ ሱቁ መራቸው። ወርደው ጣሳዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጧት። የነርሷ፣ የሹፌሩ፣ የመምህሩ፣ የሁሉም በር እዚያ አለ። ሹፌሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም። የከፈተው ሰው ቁልፍ ነበረው ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ አለው።

ደንቡ ደንብ ነውና ወደ ቁልፍ ሠሪው ቤት ወጡ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እነሱን ታያለች። ትእዛዝ አላችሁ ወይ ሊል አፉን ከፈተና ያቺ ከፍ ብላ የታየች እጁ ትዝ አለችው። ይኼኔ ልብስ ሰፊዋ ባዶ ከረጢቷን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ደረሰች። መምህሩ ከቁልፍ ሠሪው ወስዶ የያዘውን፣ የቤቷ ቁጥር የተጫረበትን ቁልፍ አየች። ከዚያ ቁልፍ ሠሪውን አየችው፤ እሱ ዓይኑን ወደ ወለሉ ሰበረ። አልፋው ሄዳ ሚስቱ አጠገብ ቆመች።

“ፖሊስ ጥሩ፤ ሕግ ባለበት ይፈተሽ። እናንተ ግን አትገቡም።”

“ቤትሽን የከፈተው እኮ እሱ ነው!” አላት ሹፌሩ።

“ገብቶኛል። ለእሱ ብዬ መሰለህ?”

ፖሊስ በማግስቱ ትእዛዝ ይዞ መጣ፤ ፈተሸ፤ ምንም አላገኘም፤ ጣሳዋን ይዞ ሄደ። ሌባው እስከ ዛሬ አልተያዘም። ቁልፍ ሠሪውም ነጻ ነህ ተባለ እንጂ ጋሼ ቁልፌ ብሎ የሚጠራው ሰው ጠፋ።

ይቅርታ ልጠይቃት፣ ቁልፏንም በነጻ ልቀይርላት ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ሊወጣ ሲል የመሰርሰሪያ ድምፅ ሰማ። ከሌላ ሰፈር ቁልፍ ሠሪ አስመጥታለች። እሱም ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። መሰርሰሪያው ቆመ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፤ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ።

“ሌላ ቁልፍ የለም አይደል?” አለች ልብስ ሰፊዋ።

“የለም እህቴ፣ ሁሉም እጅሽ ላይ ነው” አለ እንግዳው ቁልፍ ሠሪ።

ቁልፍ ሠሪው ጆሮውን ቀስሮ የፒንሳ ድምፅ ጠበቀ፤ የሙከራው ሲሰበር ቀጭ የምትለውን። ሰውየው መሣሪያውን ሰብስቦ የቦርሳውን ዚፕ ዘጋ። ቀጭ ያለ ነገር የለም። ቁልፍ ሠሪው ሮጦ ሊነግራት ብድግ አለ፤ ግን ከእሱ አፍ የሚወጣውን ማን ያምናል? ሰውየው በአጠገቡ ሲያልፍ ሰላም አለው፤ እሱም ሰላም ብሎ መንገድ ለቀቀለት።